እንቁላል ውስጥ ትል ወጣ፤ ለዶሮዎቼ የትኛውን መድኃኒት ልስጥ?

የሐይቋ፦ ሚያዝያ 24፣ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት። ትናንት የደረሰብኝን ልንገራችሁና ምከሩኝ፤ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ሐይቅ ከተማ ግቢዬ ውስጥ 26 ዶሮ አለኝ። 18ቱ ኮኮክ የሚባለው የተሻሻለ ዝርያ፣ 8ቱ የሐበሻ ናቸው። እንቁላሉን ለጎረቤትና ለሁለት ሻይ ቤት አስረክባለሁ። ትናንት ጠዋት ጎረቤቴ ሳህን ይዛ መጣች። ለልጆቿ ፍርፍር ልትሠራ እንቁላል ሰብራ፣ ነጩ ውስጥ የተጠማዘዘ ነገር አይታ ደንግጣለች። እኔም አየሁት። ነጣ ብሎ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ከመሐል ጣቴ የማያንስ፣ የተቀቀለ ፓስታ የመሰለ ትል ነው። አልተቆጣችኝም። "በይ መላ ፈልጊለት" ብላ ሳህኑን እዚያው ትታልኝ ሄደች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዞር ብዬ ሳስበው ምልክቱ ከቆየ ሰንብቷል። በቀን 16 ያህል እሰበስብ የነበረው ወደ 9 ወርዷል። ዶሮዎቹን ሳነሳቸው ደረታቸው ላይ ያለው አጥንት እንደ ቢላ ይወጋል፤ አናታቸው ላይ ያለው ቀዩ ሥጋም ገርጥቷል። መኖ ግን ይበላሉ። በልጉ ዘንድሮ ጥሩ ስለዘነበ ግቢው ጭቃ ነው፤ የቤታቸውን ጉዝጓዝ ከቀየርኩ ደግሞ ከጥምቀት ወዲህ ነው። ይህ የእኔ ጥፋት ነው።

መድኃኒት ቤት ሄጄ ሦስት ነገር አሳዩኝ፦ ትልልቅ የከብት ክኒን፣ ውሃ ላይ የሚበጠበጥ ዱቄት፣ እና መርፌ። "ሁሉም ለትል ነው፣ የፈለግሽውን ውሰጂ" አሉኝ። ምንም ሳልገዛ ተመለስኩ። የትኛውን ልውሰድ? ስንት ልስጥ? እንቁላሉንስ መሸጥ እችላለሁ? ጎረቤቴ ደግሞ ልጆቿ ከዚህ በፊት የበሉት እንደሆነ ብላ ሰግታለች።


ቦሩሜዳ፦ ሚያዝያ 24፣ ማታ

እህቴ አብሽሪ፣ የዶሮ ትል የሌለበት ግቢ የለም። እኔ በዓመት ሁለቴ የከብቱን አልቤንዳዞል ሩቡን ሰብሬ አድቅቄ የመጠጥ ውሃቸው ላይ እበጠብጠዋለሁ። ርካሽ ነው፣ እስካሁን የሞተብኝም የለም። ነገውኑ ስጫቸው።


ከወልዲያ፦ ሚያዝያ 25፣ ጠዋት

እህቴ፣ መርፌውን ባለመውሰድሽ ፈጣሪ ጠብቆሻል። የእኔን ስሚና ለሌላውም ንገሪ።

አምና የሁለት ወር ቄቦች ነበሩኝ፣ 22። ክብደታቸው ከግማሽ ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ሲያክካቸው አየሁና ገበያ ላይ ካለ ሱቅ አይቨርሜክቲን የሚባለውን መርፌ ገዛሁ። ሻጩ "ለትልም ለቅማልም ነው፣ አንድ አንድ ሚሊ ወጋ" አለኝ። ወጋሁ። ከሰዓት በኋላ አንገታቸውን ደፍተው፣ እግራቸው እየተብረከረከ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተኛ። ውሃ በማንኪያ ባፋቸው ባደርግ አልዋጥ አለ። በማግስቱ ንጋት 15ቱን አንድ ጉድጓድ ቀበርኩ።

በኋላ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ልጄ አነበበችልኝ። አንድ ሚሊ የሚሰጠው ለ50 ኪሎ እንስሳ ነው። እኔ ለግማሽ ኪሎ ዶሮ ሰጠሁት። መቶ እጥፍ ማለት ነው። አንብቤ ብወጋ ኖሮ ዛሬ ሁሉም እናቶች ነበሩ።


ሐኪም ከኮምቦልቻ፦ ሚያዝያ 25፣ ከሰዓት

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ጥያቄው ይገባዋል።

መጀመሪያ ስለ ልጆቹ። ያ ትል የዶሮ ወስፋት ነው። የሰው ወስፋት ሌላ ዘር ነው፤ የዶሮው ሰው ላይ አይራባም። ጎረቤትሽን አረጋጊያት። እንቁላሉ ውስጥ እንዴት ገባ ለሚለው፣ ዶሮ ኩስና እንቁላል የሚወጡባት በአንድ በር ነው። ትሉ አንጀት ውስጥ ሲበዛ አልፎ አልፎ አንዱ በዚያ በር በኩል ወደ እንቁላል መውረጃው ይወጣል፤ እንቁላሉ ቅርፊት ሳይለብስ ይደርስና አብሮ ይታሸጋል። ሲበዛ ነው ያልኩትን ያዢልኝ። አንድ እንቁላል ውስጥ ከታየ አንጀት ውስጥ ያለው ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። "ሁሉም ለትል ነው" የሚለው አነጋገር ነው ሰውን የሚያሳስተው። የትኛው ትል?

ዱቄቱ ፒፔራዚን ከሆነ፣ ውሃ ላይ በደንብ ይሟሟል፣ ለዶሮም ገር ነው። ነገር ግን የሚያወርደው ያደገውን ትልቁን ወስፋት ብቻ ነው። ከአንጀት ግድግዳ ጋር የተጣበቀው እጭ ይቀርና ያድጋል፤ ስለዚህ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ መደገም አለበት። ለፀጉር ትል፣ ለኮሶ ትል አይሠራም። ዱቄቱ ሌቫሚሶል ወይም ቴትራሚሶል ከሆነ ከዚያ ሰፋ ያለ ይገድላል፣ ታዳጊውንም ይመታል፤ ነገር ግን ልኩ ተጠብቆ የሚሰጥ ነው። "ትንሽ ልጨምርበት" የሚባልበት መድኃኒት አይደለም። ከበዛ ያንቀጠቅጣል፣ ያዝላል፣ ይገድላል። ማሸጊያው ላይ ስሙን ሳታነቢ አትክፈይ።

ክኒኑ ብዙ ጊዜ አልቤንዳዞል ነው። ወስፋቱን በደንብ ይገድላል። በአገራችን ለዶሮ ተብሎ የተዘጋጀ ስለማይገኝ በሐኪም ምክር ከበግና ከከብቱ እንጠቀማለን። ችግሩ አሰጣጡ ላይ ነው። ቦሩሜዳ ወንድሜ፣ ቅር አይበልህ፤ አልቤንዳዞል ውሃ ላይ አይሟሟም። ድስት ውስጥ እንደ ኖራ ይዘቅጣል። በማለዳ የጠጣችው ከላይ ያለውን ንጹህ ውሃ ትጠጣለች፣ አውራው መጨረሻ ላይ ዝቃጩን ይጨልጣል። የከብቱ ክኒን 2500 ሚሊግራም ነው፤ ሩቡ 625 ይሆናል፤ ለአርባ ዶሮ የሚበቃ። 15 ዶሮ ካለህ ከእጥፍ በላይ ትሰጣለህ፣ 80 ካለህ ግማሹን። መጠኑ ከሚገባው ባነሰ ቁጥር የማይሞተው ትል ይተርፋል፣ ይራባል፣ ኋላ መድኃኒቱን ይለምደዋል።

የምመክረው ይኼ ነው። የበጉን 300 ሚሊግራም ክኒን ግዢ። በደንብ አድቅቀሽ 12 ሚሊ ውሃ ውስጥ በጥብጪው። አሁን እያንዳንዱ ሚሊ 25 ሚሊግራም ይዟል። ለወስፋት በኪሎ 10 ሚሊግራም ነው የምንሰጠው። አንድ ኪሎ ተኩል ለምትመዝን ዶሮ 15 ሚሊግራም፣ ማለትም 0.6 ሚሊ። መርፌውን ነቅለሽ በሲሪንጁ ብቻ፣ በአፏ። ከመቅዳትሽ በፊት በእያንዳንዱ ጊዜ መነቅነቅ አለበት፤ በዚህ ላይ አደራ እላለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን ኩስ አስመርምሪ። ከሦስት አራት ዶሮ ትኩስ ኩስ በንጹህ ፌስታል ቋጥረሽ ወረዳችሁ የእንስሳት ክሊኒክ ውሰጂ፣ ካልሆነም ኮምቦልቻ ያለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። ምናልባት ትሉ ብቻውን ላይሆን ይችላል።


እናት ከኩታበር፦ ሚያዝያ 25፣ ማታ

ልጆቼ፣ እኛ ድሮ ይኼ ሁሉ ክኒን ሳይኖር ዶሮ አርብተናል። የዱባ ፍሬ ወቅጠን፣ ነጭ ሽንኩርት ቀላቅለን በፉርሽካ እንሰጥ ነበር። እናቴ የኮሶ አበባ ትበትንላቸው ነበር። ከዚያ ኩሳቸው ላይ ትል ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። ሐኪሙ ይህንን እንዴት ያየዋል?


ሐኪም ከኮምቦልቻ፦ ሚያዝያ 25፣ ማታ

እናታችን፣ ያዩት እውነት ነው፣ አልጠራጠርም። ኮሶም መተሬም እንቆቆም ትል የሚጥሉ ተክሎች ናቸው፣ ሕዝባችን ለራሱ ሆድ ሲጠጣቸው ኖሯል። የእኔ ችግር ልኩ ነው። የተክሉ ኃይል ከተክል ተክል፣ ከዓመት ዓመት ይለያያል፤ ለአንድ ኪሎ ዶሮ ስንት ጭብጥ እንደሚበቃና ስንት እንደሚገድል ልነግርዎት አልችልም። ኮሶ ሲበዛ የሰውንም ዓይን የሚጎዳ ነገር ነው። ዱባና ነጭ ሽንኩርቱን ግን ለመኖነታቸው ይስጡ፣ ጉዳት የለውም። እንቁላል ውስጥ ትል እስኪታይ ለደረሰ መንጋ በዚያ ብቻ ልተማመን አልችልም።


የሐይቋ፦ ሚያዝያ 26፣ ጠዋት

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እናታችንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ኩስ ወስጃለሁ።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ብቻዬን ነኝ፤ 26 ዶሮ እያባረርኩ በሲሪንጅ መስጠት እንዴት ይሆንልኛል? ሁለተኛ፣ የእንቁላሉን ነገር አልመለሱልኝም። ፋሲካ ካለፈ ወዲህ ፈላጊው በዝቷል፤ እውነቱን ለመናገር ያለኝ ገቢ እሱ ነው።


ሐኪም ከኮምቦልቻ፦ ሚያዝያ 26፣ ከሰዓት

ቀን አታባርሪያቸው። ማታ ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ ግቢ። ባትሪሽን በቀይ ጨርቅ ሸፍኚው፣ ብርሃኑ ሲደበዝዝ አይደናገጡም። አንዷን ከቆጥ አውርደሽ ክንፎቿን ከሰውነቷ ጋር አጣብቀሽ በብብትሽ ያዢያት። በግራ እጅሽ ጣት ማንቁሯን ከጎን ክፈቺ። ከምላሷ ኋላ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ ቀዳዳ ታያለሽ፤ የትንፋሿ በር ነው፣ እዚያ ምንም እንዳይገባ። የሲሪንጁን ጫፍ ከምላሷ አጠገብ፣ በአፏ ቀኝ በኩል ወደ ውስጥ አስገብተሽ ቀስ ብለሽ ግፊ። ስትውጥ ጉሮሮዋ ሲወርድ ይታያል። ከዚያ እግሯ ላይ ክር እሰሪባት፣ ሁለት ጊዜ እንዳትሰጫት። 26ቱን በአንድ ማታ መጨረስ ካልቻልሽ በሁለት ማታ አድርጊው።

ከዚያ በፊት ሚዛን። ተንጠልጣይ ሚዛን ከጎረቤት ተዋሺ፣ ከእያንዳንዱ ዘር አምስት አምስቷን በዘንቢል እያንጠለጠልሽ መዝኚ። ኮኮክና የሐበሻ ዶሮ እኩል አይመዝኑም፣ መጠኑም እኩል አይሆንም። የታመመችና የማትቆም ካለች መጀመሪያ ለይቻት።

እንቁላሉን በተመለከተ፣ ከመድኃኒቱ በኋላ እንቁላሉ የማይበላበት ቀን ማሸጊያው ላይ ለዶሮ ተብሎ ከተጻፈ እሱን ትጠብቂያለሽ። ካልተጻፈ፣ አልቤንዳዞል ለዶሮ እንዳልተዘጋጀው ሁሉ፣ እኔ በግሌ ከሁለት ሳምንት በታች እንቁላሉን አላስበላም፣ አልሸጥምም። ሰው ቤት መድኃኒት ያለበት ምግብ መላክ ነው። ገቢሽ እንደሚጎዳ አውቃለሁ። ለዶሮዎቹም መልሰሽ አትስጫቸው፤ እየሰበርሽ ፍግ ውስጥ ቅበሪው።


ቦሩሜዳ፦ ሚያዝያ 26፣ ማታ

ዶክተር፣ እውነቱን ተቀብያለሁ። ማታ ሄጄ ውሃውን በብርጭቆ በጥብጬ አየሁት፤ እርስዎ እንዳሉት ከደቂቃዎች በኋላ ከታች ነጭ ሆኖ ተቀምጧል። ለአራት ዓመት ያንን ነበር ስሰጥ የነበረው።

አንድ ሐሳብ ግን መጣልኝ። እንቁላል የማይሸጥበት ጊዜ መርጦ ቢሰጥስ? ፍልሰታ ሁለት ሳምንት ያህል ነው፣ ነሐሴ 1 ይጀምራል፣ የእንቁላል ገበያ ይቀዘቅዛል። ሁዳዴም ረጅም ነው። በጾሙ መግቢያ ላይ ብንሰጥ ኪሳራው ይቀንሳል።


ባቲ ሰኞ ገበያ፦ ሚያዝያ 27፣ ጠዋት

ወንድማለም፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው። ግን ወሎ ውስጥ ነን፤ ከደንበኛህ ግማሹ ሙስሊም ነው፣ በፍልሰታ እንቁላል ይበላል። ገበያው ቢቀዘቅዝም አይዘጋም፤ ስለዚህ በጾም ሰጠሁ ብለህ እንቁላሉን ለእኛ እንዳትልክልን አደራ። አንድ ቀን ቢሆንም እንቁላሉ የተለየ ቅርጫት ውስጥ ይግባ፣ ቀኑ ይጻፍበት።

ሌላ ልጨምር። ከሰኞ ገበያ ዶሮ እየገዛሁ ባቲ አረባለሁ። አንድ ጊዜ ከገበያ የገዛሁትን ቀጥታ ከመንጋዬ ጋር ደባለቅኩ፣ ሁሉም ታመሙ። አሁን አዲስ የመጣ ዶሮ ለሦስት ሳምንት ለብቻው ግቢው ጥግ ይቀመጣል፣ ኩሱን አያለሁ፣ ከዚያ ነው የምቀላቅለው።


የተሁለደሬ ልማት ሠራተኛ፦ ሚያዝያ 27፣ ከሰዓት

ስለ መድኃኒት ሐኪሙ በቂ ብለዋል፤ እኔ ስለ ግቢው ልናገር፤ መድኃኒት ሰጥተሽ ያንኑ ጉዝጓዝ ካላወጣሽው በወር ከምናምን ተመልሰሽ እዚሁ ነሽ።

የትሉ ዘር በኩስ ይወርዳል። እርጥበትና ሙቀት ካገኘ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ለመዋጥ ይደርሳል። ዶሮዋ ስትጭር ትለቅመዋለች፤ ከ5 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ደግሞ እሷም ዘሩን መጣል ትጀምራለች። ብዙውን የማጠቢያ መድኃኒት ይችለዋል፣ እርጥብ አፈር ውስጥ ወራት ይቆያል። የሚፈራው ድርቀትንና ፀሐይን ነው። የእኛ ወሎ ደግሞ በልግም ክረምትም የሚዘንብባት አገር ናት፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ለትሉ ይመቸዋል። ስለዚህ ጉዝጓዙን አሁን በበልጉ መገባደጃ አውጥተሽ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ግቢው ፀሐይ ይጠጣ። ያወጣሽውን ክምር፣ አርጥበሽ ሸፍኚው፤ መሐሉ ሲግል ዘሩን ይገድለዋል። ጥሬውን ጎመን ላይ አትበትኚው። ቆጡ ሥር ያለውን ኩስ በየሁለት ሦስት ቀኑ ጥረጊ። ውሃ የምታፈሽበትን ቦታ ጭቃ አታስደርጊ፤ መጠጫውን ጠጠር ላይ አስቀምጪው።

ኩሳቸው ላይ እንደ ሩዝ ፍሬ ነጭ ነጭ ነገር ካየሽ እሱ የኮሶ ትል ነው፤ በጥንዚዛ፣ በጉንዳን፣ በዝንብና በቀንድ አውጣ ነው የሚመጣው። ለእሱ አልቤንዳዞሉ መጠኑ ይለያል፣ ሐኪም ይወስንልሽ።

የደም ተቅማጥ ካየሽ ደግሞ፣ በተለይ ከሁለት ወር በታች በሆኑ ጫጩቶች፣ ትል አይደለም። ኮክሲዲያ የሚባል ዓይን የማያየው ተባይ ነው። የትል መድኃኒት ምንም አያደርግለትም፤ አምፕሮሊየም የሚባል ራሱን የቻለ መድኃኒት አለው። በትል መድኃኒት ሦስት ቀን ያባከነ ሰው ጫጩቶቹን ያጣል።

ፈንግልም እንዲሁ። አንገት የሚያጣምም፣ አረንጓዴ የሚያስቀምጥ፣ በሦስት ቀን መንጋ የሚጨርስ ነገር ካየሽ ክኒን አትፈልጊ። ክትባቱ ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ይመረታል፤ ክሊኒካችሁ ቀን ጠይቂ። ከክትባቱ ሁለት ሳምንት ቀድመሽ ትሉን አጽጂላቸው።


የሐይቋ፦ ሚያዝያ 29፣ ማታ

የኩሱ ውጤት መጣ። ወስፋት በብዛት፣ የኮሶ ትል የለም፣ ኮክሲዲያም የለም። ዶሮዎቹንም መዘንኩ፤ ኮኮኮቹ በአማካይ 1.7 ኪሎ፣ የሐበሾቹ 1.2። ለኮኮኮቹ 0.7፣ ለሐበሾቹ 0.5 ሚሊ ወጣልኝ፤ በጠቅላላው 16.6 ሚሊ። ስለዚህ ሁለት ክኒን በ24 ሚሊ። ዶክተር፣ ልክ ነኝ?


ሐኪም ከኮምቦልቻ፦ ሚያዝያ 29፣ ማታ

ልክ ነሽ። የተረፈውን ለነገ አታስቀምጪ፣ ራቅ አድርገሽ ቅበሪው፤ ሐይቁ ዳር ወይም ቦይ ውስጥ አትድፊው። ጓንት አድርጊ፤ ነፍሰ ጡር ሴት ክኒኑን አትንካው።


የሐይቋ፦ ሰኔ 4፣ ጠዋት

ቆየሁባችሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ግንቦት 1 ማታ ጀመርኩ። የመጀመሪያዋን ስይዝ እጄ ተንቀጥቅጦ ግማሹን ልብሴ ላይ ደፋሁት፣ እሷን በማግስቱ ደገምኳት። ከአምስተኛዋ በኋላ ለመደልኝ። ያቺን የትንፋሽ በር በባትሪው ሳያት፣ እንደ ከንፈር ቀጭን የሆነች፣ ትከፈታለች ትዘጋለች። ሁሉንም ክር አሰርኩ። በበነጋው ማለዳ ቆጡ ሥር ያለውን ኩስ በእንጨት ስገልጥ ትሉ ክር በክር ነው። 40 ድረስ ቆጥሬ ተውኩት።

ጉዝጓዙን ሁለት ቀን ሙሉ አወጣሁ፤ ሥሩ ጠቁሮ እንደ ጭቃ ተጋግሮ ነበር። ለ14 ቀን እንቁላሉን እየሰበርኩ ፍግ ውስጥ ቀበርኩ። ሻይ ቤቶቹን እውነቱን ነገርኳቸው። አንደኛው ሌላ ሰው ያዘ፣ አልተመለሰም። ሁለተኛው ጠበቀኝ።

ግንቦት 16 ኩስ ድጋሚ አስመረመርኩ፣ የትል ዘር አልታየም። ባለፈው ሳምንት በቀን 13፣ 14 ሰብስቤያለሁ። ደረታቸው ገና አልሞላም፣ አናታቸው ግን ቀልቷል።

ጎረቤቴ ሳህኗን ልትወስድ ትናንት መጣች። ስድስት እንቁላል ሰጠኋት። ቤቷ አልወሰደችውም፤ እኔ ምድጃ ላይ፣ እኔ እያየሁ፣ አንድ በአንድ እየሰበረች ተመለከተችው። ከዚያ ዘይት አምጪ አለችኝ።

አሁን 12 የ45 ቀን ቄብ ላመጣ ነው። ምን ልጠንቀቅ?


ሐኪም ከኮምቦልቻ፦ ሰኔ 4፣ ከሰዓት

ከትልልቆቹ ጋር አንድ መሬት ላይ አታውያቸው፤ እስከ ሦስት ወር ድረስ ትሉ እነሱን ነው አብዝቶ የሚጎዳ። የራሳቸው መጠጫ፣ የራሳቸው መኖ ዕቃ ይኑራቸው። ጠዋት መጀመሪያ ቄቦቹ ጋ ግቢ፣ ከዚያ ነው እናቶቹ ጋ የምትሄጂው፤ ጫማሽም ይለይ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ክረምቱ መሐል፣ ከሁለቱም ኩስ ይዘሽ ነይ። ያኔ ታይቶ ነው መድኃኒት የሚሰጠው።